ጅቡ ይበላል ወይስ ጅቡ ይበላል? ለትንንሽ ልጆች ድምፅ አውጥቶ ስለማንበብ

ለልጆቻችሁ መጽሐፍ ስታነቡ ምን እንደሚያስቸግራችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥረን እንመልሳለን።

«ወንድ ልጄ 3 ዓመት ተኩል ሆኖታል። መጽሐፍ ስከፍት እየሮጠ ይመጣል፤ ግን ሁለት ገጽ ሳላነብለት ነጥቆኝ ይገለብጠዋል፣ አለዚያም ተነሥቶ ይሄዳል። ‹ቁጭ ብለህ አዳምጥ› ስለው ያለቅሳል። ልጄ ንባብ አይወድም ማለት ነው?»
እናት፣ ከደሴ ሆጤ

አይደለም። መጽሐፍ የሚነጥቅ ልጅ መጽሐፉን ወዶታል፤ የሰለቸው እርስዎ መስመሩን እስኪጨርሱ መጠበቁ ነው። ለልጆች ተብለው ከሚሸጡት መጻሕፍት በአንድ ገጽ 5 እና 6 መስመር የታጨቀባቸው አሉ። የ3 ዓመት ልጅ ሥዕሉን አይቶ ሲጨርስ እርስዎ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነዎት።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፉን እርግፍ አድርገው ይተዉት። ልጁ ጭንዎ ላይ ወይም ጎንዎ ተለጥፎ ይቀመጥ፣ መጽሐፉን እሱ ይያዝ፣ ገጹንም እሱ ይግለጥ። የእርስዎ ድርሻ በተገለጠው ገጽ ላይ ስላለው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነው፦ «ዶሮዋ ጣሪያ ላይ ወጣች።» 3 ገጽ ከዘለለ አብረው ይዝለሉ፤ ወደ ኋላ ከመለሰም ይመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ከየገጹ አንድ መስመር፣ ከዚያ ሁለት እያሉ ጽሑፉን ያስገቡ። ታሪኩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይቆራረጥ የሚነበበው ልጁ መጽሐፉን በሥዕሉ ከለመደው በኋላ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ለ1 ዓመት ልጅ 3 ደቂቃ፣ ለ2 እና ለ3 ዓመት ከ5 እስከ 7፣ ለ4 ዓመት 10፣ ለ5 እና ለ6 ዓመት ደግሞ 15 ደቂቃ ግድም ይበቃል። ልጁ ገና «ጨምሪልኝ» እያለ ማቆም፣ ተሰላችቶ እስኪሸሽ ከመጎተት በእጅጉ ይሻላል፤ ነገ የሚመጣው ዛሬ ሳይጠግብ ስለቀረ ነው። ተነሥቶ የሄደ ልጅ ሁሉ መስማት አቁሟል ማለትም አይደለም። መኪናውን እየነዳ የሚያዳምጥ ልጅ አለ። ለማወቅ ከፈለጉ ዐረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ያቁሙት፤ ዞሮ ካየዎት ሲሰማ ነበር።

ብዙ ቤት የምናየው ሌላው ስሕተት ንባቡ ፈተና መሆኑ ነው። «ይሄ ምንድነው? ይሄስ? ቀለሙ ምንድነው? ቁጠራቸው እስቲ!» ልጁ መልሱን እርስዎ እንደሚያውቁት ያውቃል፤ ስለዚህ ጨዋታ አይመስለውም። በአንድ መጽሐፍ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ጥያቄውም አንድ ብቻ መልስ ያለው ባይሆን ይመረጣል። እንዲህ ይሞክሩት፦

ልጁ፦ «ጅብ!»
እናት፦ «አዎ፣ ጅብ ነው። የራበው ጅብ።»
ልጁ፦ «ራበው።»
እናት፦ «ምን ሊበላ ይሆን?»
(ዝም። በልብዎ እስከ 5 ይቁጠሩ።)
ልጁ፦ «ዳቦ!»
እናት፦ «ዳቦ ቢያገኝማ ምን ነበረበት! እስቲ ግለጠው።»

እናቲቱ የልጁን ቃል ተቀብላ አንድ ቃል ጨመረችበት፤ «የራበው»ን። ልጁም ወዲያው ወሰዳት። «ጅብ ዳቦ አይበላም» ብላ አላረመችውም። ዋናው ግን ያቺ ዝምታ ናት። ትልቅ ሰው ጠይቆ ዝም ማለት ስለማይሆንለት ቶሎ ራሱ ይመልሳል፤ የ3 ዓመት ልጅ ቃሉን ፈልጎ እስኪያወጣ ግን ጊዜ ይወስድበታል።

«ሳነብ ድምፄ ዜና እንደሚያነብ ሰው ደረቅ ነው። ሴት ልጄ ‹እማዬ ታንብብልኝ› ትላለች። እንደ ተዋናይ መሆን አለብኝ?»
አባት፣ ከኮምቦልቻ

ተዋናይነት አያስፈልግም። ድምፅዎን የሚያደርቀው ሳያዩ መጀመርዎ ሳይሆን አይቀርም፤ አማርኛ ደግሞ ሳያዩ ለጀመረ ሰው ጨካኝ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ጅቡ ይበላል» የሚለውን ይውሰዱ። «በ» እና «ላ» ላልተው ከተነበቡ ጅቡ በላተኛ ነው፤ ጠብቀው ከተነበቡ ግን የሚበላው ጅቡ ራሱ ነው። ለልጅዎ ታሪኩ ተገለበጠ ማለት ነው! «ገና»፣ «ዋና»፣ «ሰፊ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። በልጆች መጽሐፍ በየገጹ የሚመላለሰው ደግሞ «አለ» ነው። «‹ማን አለ?› አለ ጅቡ» ሲል የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። ሳይዘጋጅ የሚያነብ ሰው ይህን እየፈራ ሁሉንም ቃል በአንድ ልክ ይጎትተዋል፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል። ልጅቷም ክሩ ይበጠስባታል።

ሌላም አለ። በአማርኛ ተናጋሪው የሚታወቀው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። «‹ማነህ አንተ? ከዚህ ሂድ!› አለች ጦጣዋ» የሚለውን በጅብ ድምፅ አንብበው ሲጨርሱ ተናጋሪዋ ጦጣ ሆና ያገኟታል።

መድኃኒቱ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። መጽሐፉን አንድ ጊዜ በልብዎ፣ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ብቻዎን ያንብቡት። እርሳስ ይያዙ። የሚያሳስት ቃል ሲያጋጥም በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያኑሩ። የትእምርተ ጥቅሱ መክፈቻ ላይ ደግሞ የተናጋሪውን የመጀመሪያ ፊደል በትንሹ ይጻፉ፤ ለጅብ «ጅ»፣ ለጦጣ «ጦ»። በሁለተኛው ቀን ድምፅዎ ራሱ ተለውጦ ያገኙታል።

ድምፅ መለወጥን በተመለከተ ከሦስት በላይ አይሞክሩ፤ ገጽ 9 ላይ የትኛው የማን እንደነበረ ይጠፋብዎታል። ደግሞም ከማቅጠንና ከማወፈር ይልቅ ፍጥነቱን መለወጥ ይቀላል፣ ጉሮሮም አይጎዳም። ጅብ ዝግ ብሎ፣ እየጎተተ ይናገር፤ ጦጣ ፈጠን ፈጠን ትበል። ነጠላ ሰረዝ ላይ አንድ፣ አራት ነጥብ ላይ ሁለት ይቁጠሩ። አስፈሪው ቦታ ሲደርሱ ድምፅዎን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ ያድርጉት፤ ልጅ የሚጠጋው ሲንሾካሾኩለት ነው። ገጽ ከመግለጥዎ በፊት የመጨረሻውን ቃል ይዋጡትና ልጅቷ ትሙላው።

የመጽሐፍ አማርኛ ለቤትዎ ከከበደ ቃሉን ይለውጡት። «በፍጥነት ተጓዘ» ቢል እርስዎ «እየሮጠ ሄደ» ቢሉ የሚከስዎት የለም። ግን ሁሉንም አይለውጡ፤ በአንድ መጽሐፍ ሁለት ሦስት አዲስ ቃል ይቅርላት። ስታገኘውም ማብራሪያ አያብዙ፦ «አደባ ማለት ተደብቆ ጠበቀ» ብለው፣ በትከሻዎ ጎንበስ ብለው አሳይተው ይለፉ።

«ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ሀ ሁን እስከ ፐ ይወርደዋል። መጽሐፍ ስናነብ ግን ፊደሉን እያሳየሁ ‹ይህ ማነው?› ስለው ይጠፋበታል፣ አሁን አሁን መጽሐፍ ሲያይ ይሸሻል።»
አባት፣ ከወልዲያ

ልጅዎ የወረደው በዜማ ነው፤ 33ቱን ቤት ከነ7 ድምፃቸው፣ 231 ፊደል፣ እንደ መዝሙር ሸምድዶታል። ገበታው ላይ ሲያሳዩት ቦታውን ያውቃል፤ ፊደሉ ከቦታው ወጥቶ መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ግን አያውቀውም። ይህ ያለ ነገር ነው፤ ስንፍና አይደለም። ለማረጋገጥ ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ መስኮት በስተው ገበታው ላይ ከወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሷት። መስኮቷ ውስጥ የታየውን ለይቶ ከጠራ ያኔ ፊደል ለየ ይባላል።

ይህ ግን ከታሪክ ሰዓት ጋር አይቀላቀል። ጠዋት 10 ደቂቃ ፊደል ይቁጠር፤ ማታ መጽሐፍ ሲከፈት ጣትዎን ከፊደሉ ላይ ያንሡ። ጅቡ በጓን ሊይዛት ሲል «ይህ ‹ጅ› ነው ወይስ ‹ጂ›?» ብሎ ማቆም ጉርሻ ከአፍ እንደ መንጠቅ ነው። ከፈለጉ ሁለት ነገር ብቻ ያሳዩት፤ የመጽሐፉን ርእስ እና እየተመላለሰ የሚመጣውን አንድ ቃል። በራሱ ጊዜ «ይቺ የእኔ ስም ላይ ያለችው ናት!» ማለቱ አይቀርም። 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ስለሆነ 3 ዓመት አለዎት።

«ባለቤቴ አፋን ኦሮሞ፣ እኔ አማርኛ ነው አፍ የፈታነው። መጽሐፉ አማርኛ ነው። አንድ መስመር አነባለሁ፣ እሷ ትተረጉማለች፤ ልጆቹ ግን ይረበሻሉ።»
አባት፣ ከከሚሴ

መስመር በመስመር መተርጎሙን ይተዉት። ታሪኩ በየመስመሩ ሁለት ጊዜ ስለሚቆም ልጆቹ ቶሎ የሚገባቸውን ቋንቋ ይጠብቁና ሌላኛው ሲነገር ይጫወታሉ። አንድ ምሽት በአንድ ቋንቋ ይሁን። ዛሬ እርስዎ በአማርኛ ያንብቡ፤ ነገ እናታቸው ያንኑ መጽሐፍ ይዛ፣ ሥዕሉን እየገለጠች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፋን ኦሮሞ ታውራላቸው። ታሪኩን ትናንት ስለሰሙት ቃላቱ ራሳቸው ይገቧቸዋል። ባለቤትዎ ቁቤ ማንበብ ከቻለች የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ይጨመር፤ ካልቻለችም ለሥዕል ፊደል አያስፈልገውም። እርስዎ በአማርኛ ጠይቀው ልጁ በአፋን ኦሮሞ ቢመልስ «በአማርኛ በለው» አይበሉት፤ መልሱን ተቀብለው እርስዎ በአማርኛ ይቀጥሉ። ይህ አርጎብኛ ወይም ኽምጣንጋ ለሚነገርባቸው ቤቶችም ያው ነው።

«መጽሐፍ ተወደደብን። ካለችን አንዲት መጽሐፍም ግማሹ ገጽ ተገንጥሏል። ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ሲባል ሰማሁ፤ እኔ የሞከርኩት ግን በሳምንቱ ተበታተነ።»
እናት፣ ከባቲ

የተበታተነው በስቴፕለር መትተውት ወይም ጠርዙን በሙጫ አጣብቀውት ይሆናል። ሽቦው ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ሙጫው ደርቆ ይሰበራል። የሚበረክተው መሀሉ የተሰፋ ነው፤ ለዚህም የስፌት ወስፌዎ አለልዎት።

የሚያስፈልገው 4 ኤፎር ወረቀት፣ አንድ ካርቶን፣ መርፌ፣ ወስፌ፣ ማስመሪያና 60 ሳንቲሜትር ጠንካራ ክር ነው። ክሩን በሰም ቢያሹት አይላላም። 4ቱን ወረቀቶች ደራርበው መሀል ለመሀል ያጥፉ፤ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ይወጣዋል። ካርቶኑን 30 ሳንቲሜትር ተኩል በ21 ተኩል ይቁረጡት፤ ከወረቀቱ ትንሽ ተርፎ ጠርዙን ይጠብቅለታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የዕቃ ካርቶን ውስጡ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉት፤ መታጠፊያው ከመስመሮቹ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። መስመሮቹን አቋርጦ ከታጠፈ ጀርባው ይሰነጠቃል። ከማጠፍዎ በፊት ማስመሪያ አስደግፈው በማንኪያ እጀታ አንድ ጊዜ ጫን ብለው ያስምሩት።

አሁን ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ አስገብተው፣ መታጠፊያው ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ይብሱ፤ አንዱ መሀል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 3 ሳንቲሜትር ገባ ብለው። መርፌውን በመሀለኛው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ያውጡ፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል ክር ውስጥ ያስቀሩ። ከውጭ በላይኛው ቀዳዳ ይግቡ። ከዚያ ውስጥ ውስጡን መሀለኛውን አልፈው በታችኛው ይውጡ፣ ከውጭ ደግሞ በመሀለኛው ተመልሰው ይግቡ። ሁለቱ የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ ይዋሉ፤ ረጅሙን መሀል አድርገው ጠበቅ አድርገው ሁለቴ ይቋጥሩ። ልብ ይበሉ፣ ክሩን ሲስቡ ወደ ላይ ሳይሆን በመታጠፊያው አቅጣጫ ይሳቡ፤ አለዚያ ቀዳዳው ይቀደዳል። በመጨረሻም 4ቱን የካርቶን ማዕዘኖች በመቀስ ከብ ያድርጓቸው።

ሥዕሉን ከአሮጌ ካላንደር፣ ከብስኩትና ከሳሙና መጠቅለያ መቁረጥ ይቻላል፤ ወይም በባለቀለም እርሳስ ይሣሉ። ማርከር ወደ ጀርባው ስለሚያልፍ ገጹን ያበላሻል። በአንድ ገጽ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከ8 ቃል ባይበልጥ፤ የፊደሉ ቁመት አንድ ሳንቲሜትር ይሁን። ልጁ ብዙ የሚነካውን ማዕዘን በሰፊ ስኮች ይሸፍኑት። አፍ ውስጥ ለሚያስገባ ሕፃን ከሆነ ወረቀቱን ትተው ገጾቹንም ከካርቶን ይሥሩ፤ ሁለት ቀዳዳ በስተው በጨርቅ ማሰሪያ ይቋጥሯቸው።

ታሪኩስ? ልጅዎ የሚያውቀው ቦታ ይበቃል፣ የሰኞው ገበያችሁ ደግሞ በራሱ ሥዕል ነው። አንድ እየተመላለሰ የሚመጣ መስመር ይኑረው፤ ማንበብ የማይችለው ልጅም የሚያነበው እሱን ነው። ለምሳሌ፦

«ሰኞ ነው። ባቲ ገበያ ሄድን።
ግመል መጣ። ‹ውሰዱኝ› አለ።
አይ ግመል፣ ቤታችን አይበቃህም!
በሬ መጣ። ‹ውሰዱኝ› አለ።
አይ በሬ፣ ቤታችን አይበቃህም!»

አህያ፣ ፍየል፣ በግ እያሉ በየገጹ እያሳነሱ ይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ ጫጩት ትምጣና «ነይ ጫጩት፣ ቤታችን ይበቃሻል» ይበሏት። ግመሉ ላይ የልጅዎን ስም ካስገቡበት ደግሞ መጽሐፉን ትራሱ ሥር ይዞት ያድራል። ካነበባችሁለት በኋላ ሌላ እንስሳ ራሱ ይጨምር፤ ለዚህ ሁለት ባዶ ገጽ ይተዉለት።

«አማቴ ከልጆቼ ጋር ነው የምትውለው። ማንበብ አትችልም። ‹መጽሐፉን ለእማማ ስጧት› ስላቸው ‹እኔ ምኑን አውቄው› እያለች ታዝናለች።»
ከሐይቅ

አማትዎ የያዙት ነገር ከመጽሐፉ የሚቀድም ነው። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው የሚመልሱት፣ ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚሉት ልጅን ታሪክ ሰሚ የሚያደርገው ሥርዓት ነው። ልጁ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ መመለስም የእሱ ድርሻ እንደሆነ ከዚያ ይማራል።

መጽሐፉን ሲሰጧቸው «አንብቢላቸው» ሳይሆን «ሥዕሉን አውሪላቸው» ይበሏቸው። ቡናው አቦል እስኪደርስ፣ ቆሎው እየተቆረጠመ፣ ሥዕሉ ላይ ያዩትን በራሳቸው አነጋገር ያውሩት። ዛሬ ቀበሮዋ ብልጥ፣ ነገ ሞኝ ብትሆን ችግር የለም። ልጁ «ትናንት እንዲህ አላልሽም» ካለ ደግሞ እሰየው፤ ታሪኩን ይዞታል፤ «እስቲ አንተ ንገረኝ» ማለት ነው። በቶናና በበረካ መካከል እንቆቅልሽ ይግባ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ሲሉት ጤዛን ካላወቃት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጁም ደሴን ይስጥ ኮምቦልቻን። ጀበናውና ከሰሉ ግን ልጅ ተጠግቶ መጽሐፍ ከሚያይበት ቦታ ራቅ ይበሉ፤ ሥዕል የሚያይ ልጅ እግሩን የት እንደዘረጋ አያውቅም።

«መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። 54 ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ። የኋላዎቹ ‹አይታየንም› ይላሉ፣ የፊቶቹ ይነሣሉ፣ እኔ እጮኻለሁ።»
መምህርት፣ ከውጫሌ

በጩኸት 54 ልጅ አይደረስም፤ ጉሮሮዎ ብቻ ያልቃል። ከቻሉ 18፣ 18 አድርገው በሦስት ይክፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ሲሰማ ሁለቱ ሥዕል ይሣሉ ወይም ጭቃ ይሥሩ። ለየቡድኑ 8 ደቂቃ ይበቃል። ረዳት ከሌለና መክፈል ካልተቻለ በሦስት ረድፍ፣ በግማሽ ክብ፣ የፊተኞቹ መሬት ላይ፣ መካከለኞቹ አግዳሚ ላይ፣ የኋለኞቹ ቆመው ይሁኑ። ረድፉን በየቀኑ ያዙሩት፤ ዛሬ ከኋላ የቆመ ነገ ከፊት እንደሚቀመጥ ካወቀ አይጋፋም።

መጽሐፉን ከፊትዎ ሳይሆን ከጎንዎ፣ ከፊትዎ እኩል ከፍታ ላይ ይያዙት። በቅድሚያ ሥዕሉን ያለ ንግግር ከግራ ወደ ቀኝ፣ እስከ 5 እየቆጠሩ በዝግታ ያዙሩት፤ ከዚያ ያንብቡ። ብዙ መምህራን እያነበቡ ያዞራሉ፤ የግራዎቹ ሥዕሉን ሲያዩ የቀኞቹ ያላዩትን ነው የሚሰሙት። መስኮት ከጀርባዎ አይሁን፤ ብርሃኑ ልጆቹን ስለሚወጋቸው ገጹ ይጠቁርባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው አንድ ትልቅ መጽሐፍ መሥራት ነው። በፍሊፕ ቻርት ወረቀት 8 ገጽ፣ በገጽ አንድ መስመር፣ የፊደሉ ቁመት ከ4 ሳንቲሜትር ሳያንስ፤ ከላይ በሁለት ቀዳዳ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያኔ ሁለቱም እጅዎ ነፃ ነው። ተመላላሹን መስመር 54ቱም አብረው ይበሉት፤ አንድ ጊዜ በሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜ ቆመው፣ አንድ ጊዜ እያጨበጨቡ። የሚነሡት የፊተኞቹ ልጆች መነሣታቸው ካልቀረ በታሪኩ ውስጥ ይነሡ።

በአጭር በአጭሩ

«ያንኑ መጽሐፍ በቀን አራት ጊዜ! እኔ ልታመም ነው።» ከደሴ ፒያሳ
ይህ የሰለቸው እርስዎን ነው። ልጁ በመጀመሪያው ዙር ታሪኩን፣ በሦስተኛው ቃሉን፣ በአሥረኛው እርስዎ የዘለሉትን መስመር ይይዛል። ሆን ብለው አንድ ቃል ይሳሳቱለት፤ «ግመሉ ጣሪያ ላይ ተኛ» ይበሉ። እያረመዎት ሲስቅ ለእርስዎም አዲስ ይሆናል።

«ልጄ ማንበብ ሳትችል መጽሐፍ ይዛ በቃሏ ‹ታነባለች›። ውሸት አይሆንባትም?» ከመካነ ሰላም
አይሆንም። መጽሐፉን በትክክል ይዛ፣ ገጹን በሰዓቱ እየገለጠች ከሆነ ጽሑፍ ንግግር እንደሚሸከም ገብቷታል። ዝም ብለው ያዳምጧት፤ አያርሟት።

«የጅብ ታሪክ ካነበብንለት ሌሊት ይባንናል።» ከተንታ
የጅቡን ታሪክ ለቀን ያድርጉት፤ ማታ የጥንቸልና የጫጩት ይሁን። ጅቡ በሥዕሉ ላይ እያለ መጽሐፉን ልጁ ራሱ ይዝጋው፤ ‹ዘጋሁብህ!› ብሎ ይበለው። ማስፈራሪያ ግን ከሆነ፣ ማለትም «ካልተኛህ ጅቡን እጠራዋለሁ» ከተባለ፣ ምንም መጽሐፍ አያድነውም።

«መብራት ይጠፋል። በኩራዝ እናንብብ?» ከኩታበር
ሕፃን ባለበት ኩራዝ አይሁን፤ ይገለበጣል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። የሶላር መብራት ካለ ከአንባቢው ትከሻ ከፍ ብሎ ከኋላ ይሰቀል፤ ፊት ለፊት ከሆነ ገጹ ሳይሆን ዓይናችሁ ነው የሚበራው። እሱም ከሌለ መጽሐፉን በቀን አንብቡ፤ ማታ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልላችሁ ያንኑ ታሪክ በቃል ንገሩት።

«ከስልክ ላይ ማንበብ እንዴት ነው?» ከቆቦ
መጽሐፍ ከሌለ ይሆናል። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚወርዱ የአማርኛ ተረቶች አሉ። አውርደው ሲጨርሱ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ በታሪኩ መሀል መልእክት ከገባ ልጁ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ስልኩን እርስዎ ይያዙት፣ መግለጡን ለልጁ ይተዉለት። ራሱ የሚያነብለትን ቪዲዮ ከፍቶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቪዲዮው ልጁ «ለምን?» ሲል አይቆምለትም።

«13 ዓመቴ ነው። ለሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ አነባለሁ፤ አንዱ 2፣ አንዱ 6 ዓመቱ ነው። እኔ ጋ ለመቀመጥ ይጣላሉ፣ ትንሹ መጽሐፉን ይቀድዳል፣ ትልቁ ይናደዳል።» ከመርሳ
እህታችን፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አስቀምጫቸውና መጽሐፉን ጉልበትሽ ላይ አድርጊው። በመጀመሪያ የትንሹን አንብቢ፤ 5 ደቂቃ ነው፣ ሥዕሉን ብቻ። ትልቁ በዚያ ሰዓት «አስተማሪ» ይሁን፤ እንስሳቱን እሱ ይጥራለት። ከዚያ ለትንሹ የሚይዘው ነገር ስጪው፤ የተቀደደ አሮጌ መጽሔት ይበቃዋል፣ መቅደድ ከፈለገ እሱን ይቅደድ። የትልቁ መጽሐፍ ከዚያ ይጀመራል። የግራውን ገጽ የግራው፣ የቀኙን የቀኙ ይግለጥ ካልሽ ደግሞ ጠብ ይነሣል፤ ምክንያቱም የሚገለጠው የቀኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ተራው በገጽ ሳይሆን በመጽሐፍ ይሁን፤ የትንሹን ትንሹ፣ የትልቁን ትልቁ። ቦታቸውንም በየማታው አለዋውጪያቸው።